አምሳያ የሚዋሸው መቼ ነው?

የቪአር (ምናባዊ እውነታ) መነጽር ያጠለቀና የበረራ ሲሙሌተር የከፈተ ሰው ከላሊበላ አየር ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ መብረር ይችላል። የላስታ ተራሮች ከሥሩ ያልፋሉ፤ ደጋው በገደል ያበቃና የራያ ቆላ ይዘረጋል፤ ከፊት የዞብል ተራራ፣ ከታች የቆቦ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚሄደው አስፋልት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር መላውን ምድር ከሳተላይትና ከአየር ላይ ፎቶዎች ስለገነባ፣ ቆቦን የመሰለ ትንሽ ከተማም ከሰማይ የሚታይበት መንገድ አግኝቷል። ሰውየው ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ታዲያ ያየው ምንድን ነው? የተማረውስ? በርሬያለሁ ቢል ዋሽቷል? ምንም አላወቅሁም ቢልስ እውነቱን ነው? ጥያቄው የመጫወቻ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የሃይማኖት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲመረምሩት የኖሩት ነው። በጥላና በአካል፣ በምሳሌና በአማናዊው መካከል ያለው ግንኙነት ምንድን ነው? ጥላው ወደ አካሉ ያደርሳል ወይስ ከአካሉ ያስቀራል? በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። አምሳያ ሐሰት የሚሆነው ጎደሎ ስለሆነ አይደለም፤ ጎደሎ ያልሆነ አምሳያ የለምና። ሐሰት የሚሆነው ጉድለቱን ሲደብቅ ነው።

ሲሙሌተሩንና መነጽሩን አስማምቶ ለማሠራት የሚደክም ሰው ይህን ነገር በተግባር ያገኘዋል። መነጽሩ ለሁለቱ ዐይኖች ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን ይፈልጋል፤ የጥልቀት ስሜት የሚፈጠረው በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ካለው ትንሽ ልዩነት ነው። በሌንሶቹ መካከል ያለው ርቀት ከሰውየው ዐይኖች ርቀት ጋር ካልገጠመ ኮክፒቱ ወይ ይተልቃል ወይ ያንሳል። ሥዕሉ በሰከንድ 90 ጊዜ ይታደስ ከተባለ ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ደመናውን፣ ጥላውን፣ ዛፉን፣ የመሣሪያዎቹን ቁጥር ሁሉ ስሎ መጨረስ አለበት፤ ካልቻለ ምድሪቱ እየተቆራረጠች ትንቀጠቀጣለች፣ ሰውየውም ያጥወለውለዋል። ስለዚህ የማሠራቱ ጥበብ በአብዛኛው የመቀነስ ጥበብ ነው፦ ደመናውን ማሳሳት፣ የዛፉን ብዛት መቁረጥ፣ የሩቁን ምድር ማደብዘዝ። ይህም አልበቃ ሲል ሶፍትዌሩ በሁለት እውነተኛ ስሌቶች መካከል ያልተሰላ ሥዕል ገምቶ ያስገባል፤ ዐይን ግን ግምቱን ከስሌቱ አይለየውም። ከታች ያለው ከተማም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች አንድ በአንድ የተሠሩ አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ከፎቶው ላይ የጣሪያን ቅርጽ አይቶ በግምት ያቆማቸው ናቸው። ማሽላው የሚታየው ፎቶው በተነሣበት ወቅት እንደነበረ ነው፤ በነሐሴ የልጃገረዶቹ የሶለል ጨዋታ በዚያ የለም፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ያለፈው ጦርነት ያስከተለው ኀዘንም የለም። ይህ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ካርታም ኮረብታውን ጠፍጣፋ አድርጎ ያሳያል፤ ማንም ካርታን ውሸታም አይለውም። ሁሉን የያዘ አምሳያ ቢኖር ራሱ ነገሩ በሆነ ነበር። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል ጎደለ የሚለው ሳይሆን ምን እንደጎደለ ማን ወሰነ፣ ለተማሪውስ ተነገረው ወይ የሚለው ነው።

ጉድለቱ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል። መነጽሩ ዐይንን ያሳምናል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለውን የሚዛን አካል ግን አያሳምንም። አውሮፕላኑ ሲጋደል ዐይን ዞረናል ይላል፣ ጆሮ ተቀምጠናል ይላል። ብዙ ሰው በቪአር የሚታመመው ከዚህ ሙግት የተነሣ ነው። የሚገርመው በእውነተኛው በረራ ክርክሩ ይገለበጣል። በደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ለረጅም ጊዜ በእኩል መጠን ሲዞር በጆሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከዙሩ ጋር ይስተካከልና ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል፤ ዙሩን ሲያቆም ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የዞረ ይመስለዋል። ለዚህ ነው አብራሪ ስሜቱን ሳይሆን መሣሪያውን እንዲያምን የሚሠለጥነው። በወንበር ላይ የሰውነት ስሜት እውነተኛ ምስክር ነው፣ በሰማይ ላይ ግን ሐሰተኛ ምስክር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኢማም አል-ገዛሊ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ስለ እርግጠኛ ዕውቀት ሲመረምር በዐይን ላይ ያቀረበው ክስ ከዚህ ይዛመዳል። ዐይን ጥላን አይቶ የቆመ ነው ይላል፣ ቆይታ ግን እንደሚንቀሳቀስ ታሳያለች፤ ዐይን ኮከብን የሳንቲም ያህል ያያታል፣ ስሌት ግን ከምድር እንደምትበልጥ ያስረዳል። ገዛሊ ከዚህ ተነሥቶ ስሜት ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ አልቀረም፤ እያንዳንዱ ምስክር የሚታመንበትን ድንበር ወደመፈለግ ሄደ። ለአምሳያም የሚገባው ፍርድ ይኸው ነው። የቪአር መነጽር ስለ ዐይን ሥራ ብዙ በታማኝነት ይመሰክራል፦ የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ፣ ማረፊያው ከየትኛው ማዕዘን እንደሚታይ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ምን እንደሆነ። ስለ ክብደት፣ ስለ ጉልበትና ስለ ፍርሃት ግን ምስክርነቱ አይቆጠርም።

ድንበሩ ሲደበቅ የሚመጣውን ዋጋ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቃለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት በጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ በቢሾፍቱው በረራ የግራው መሣሪያ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ዲግሪ ይል ነበር። ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት የተሳሳተውን ቁጥር አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከላየን ኤር አደጋ በፊት ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም ነበር፤ ከቀደመው 737 ወደ ማክስ የሚሸጋገር አብራሪም በኮምፒዩተር የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይበቃዋል ተብሎ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማክስ ሙሉ ሲሙሌተር ከነበራቸው ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ነበር፤ ነገር ግን አየር መንገዱ ከአደጋው በኋላ እንዳስታወቀው ሲሙሌተሩ የኤምካስን ችግር እንዲያስመስል ሆኖ አልተሠራም። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ካፒቴኑ የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚያስተካክለው ትሪም ይሠራ እንደሆነ ረዳቱን እንደጠየቀው፣ ረዳቱም በእጅ ሞክሮ አይሠራም እንዳለው ይናገራል። በከፍተኛ ፍጥነት ጅራቱን የሚጫነው የነፋስ ኃይል የትሪሙን መዘውር በእጅ ለማዞር እጅግ ከባድ ያደርገዋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ የማክስ ሲሙሌተሮችን ሶፍትዌር ማረሙን አስታወቀ፤ ያልተያዘው ነገር በትክክል ይህን የመሰለ ሁኔታ፣ የመዘውሩ ክብደት ነበር።

ከዚህ አደጋ የሚወሰደው ትምህርት ሲሙሌተር አይጠቅምም የሚል አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ቦይንግ ራሱ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ማክስ ወደ አየር ከመመለሱ በፊት አብራሪዎች በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ መክሯል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ ሥራ የመለሰው ከብዙ ዝግጅት በኋላ ነው። የአደጋውን ምክንያት ሁሉ በአንድ መዘውር ላይ መጫንም ትክክል አይሆንም፤ በመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት ላይ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ስለ አብራሪዎቹ ድርሻ የተለየ አስተያየት አቅርቦ ነበር። ለእኛ ክርክር ግን የሚበቃን ነጥብ አለ። የማክስ ሲሙሌተር እንደማንኛውም አምሳያ የተወው ነገር ነበረው። አደገኛ ያደረገው መተዉ ሳይሆን ሙሉ ተብሎ መቆጠሩ ነው። ከውጭ ሲታይ እንከን የለውም፤ በስድስት እግሮቹ ላይ ይወዛወዛል፣ ወደ ኋላ ጋደል በማለት የመሬትን ስበት ተጠቅሞ የመፈናጠር ስሜት ይሰጣል፣ መስኮቱ ላይ የአየር ማረፊያው መብራት ሁሉ ይታያል። መምሰሉ በጨመረ ቁጥር የመጠየቅ ፍላጎት ይቀንሳል። ደብዛዛ ሥዕል ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ጥርት ያለ ሥዕል ግን ጉድለቱን የሚነግር ሰው ያስፈልገዋል። የቪአር መነጽር ይህን አደጋ ከፍ ያደርገዋል፤ መስኮት ከማየት ይልቅ ዓለምን በሙሉ ዐይን ላይ ስለሚከድን ከዳር የሚታይ፣ ይህ አምሳያ ነው የሚል ጠርዝ አይተውም።

ታማኝ አምሳያ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰሜን ወሎ ውስጥ አለ። ላሊበላ በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት ሲኖሩት፣ የኢየሩሳሌም ስሞች ተሰጥተውታል፦ የዮርዳኖስ ወንዝ አለው፣ ጎልጎታ አለው፣ ደብረ ዘይት አለው። ሩቅ አገር ሄዶ መሳለም ለማይችል ምእመን የተሠራ አምሳያ ነው ማለት ይቻላል፤ ትውፊቱም እንዲህ ያየዋል። ነገር ግን በልደት በዓል ላሊበላ የሚደርስ ምእመን የይሁዳን ምድር ረግጫለሁ ብሎ አይሳሳትም። አምሳያነቱ በአደባባይ የታወቀ ነው። በዚያ ላይ ከአማናዊው ያልተወው ነገር አለ፤ ድካሙን አልተወም። ከራያ ቆላ በእግሩ የሚነሣ ተሳላሚ ከ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ወዳለው ከተማ ለመድረስ ከሁለቱም የሚበልጥ ተራራ ያቋርጣል፤ ይጾማል፣ ይራባል፣ ሌሊት ይቆማል። ርቀቱን የተካው ስም ብቻ አይደለም፣ ዋጋም ጭምር ነው። ታቦትም እንዲሁ ነው። በቆቦና በዙሪያዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ያለው ታቦት የጽላተ ሙሴ አምሳያ ነው፤ የሚከበረው ግን መምሰሉን ዐይቶ አይደለም፤ ምእመኑ በመንበሩ ላይ ሊያየውም አይችልም። የሚከበረው በጳጳስ ተባርኮ ለአገልግሎት ስለተለየ ነው። ቤተ ክርስቲያን የብሉይ ኪዳንን መሥዋዕት የሐዲስ ኪዳን ጥላ አድርጋ ስታስተምርም ጥላውን ውሸት አላለችውም፤ ጥላ መሆኑን ተናገረች እንጂ። ከዚህ የምንማረው፣ የአንድ አምሳያ እውነተኛነት የሚለካው ዐይንን በማታለል ብቃቱ እንዳልሆነ ነው። የሚለካው ወደ ሌላ ነገር መጠቆሙን ባለመደበቁና የሚጠቁመውን ነገር ዋጋ በማስከፈሉ ነው።

የእስልምናም ሊቃውንት በዚሁ ጥያቄ ላይ በቅርቡ መልስ መስጠት ነበረባቸው። ሳውዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በካዕባ ያለውን ጥቁር ድንጋይ በቪአር መነጽር የሚያሳይ ፕሮጀክት አስጀመረች፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የቱርክ የሃይማኖት ጉዳዮች ተቋም በዚህ መንገድ ካዕባን መጎብኘት እንደሚቻል፣ ሐጅ ግን ሊሆን እንደማይችል ገለጸ። ይህ አዲስ ነገርን የመፍራት መልስ አይደለም። በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ተጓዦች ከመሄዳቸው በፊት በካዕባ ሞዴል ዙሪያ ጠዋፍን (ዙረቱን) ይለማመዳሉ፤ ይህም በዚያ የተለመደ ነው። ልምምዱ የተፈቀደው ልምምድ ተብሎ ስለተጠራ ነው። የተከለከለው ልምምድን ግዴታውን ፈጽሜያለሁ ብሎ መቁጠር ነው። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጸሎት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ምእመናን ከቤታቸው ሆነው አብረው ጸለዩ፤ ቅዱስ ቁርባን ግን በስክሪን አልተሰጠም፣ ሊሰጥም አይችልም። ጸሎቱ ሊተላለፍ የሚችል ነገር ነበረው፤ ቁርባኑ ግን መገኘትን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ሥራ የሚመዘነው በኒያ (በልብ ሐሳብ) ነው፣ እግዚአብሔርም ልብን ያያል፤ ታዲያ ገንዘብ የሌለው የቆቦ ገበሬ በመነጽሩ ካዕባን እያየ ወይም ኢየሩሳሌምን እያየ ቢያለቅስ፣ ዕንባው ከአውሮፕላን ከወረደ ሀብታም ዕንባ ያንሳል? አያንስም። ግን ይህ ተቃውሞ የሚያስበውን ያህል አይሄድም። ሐጅ ግዴታ የሆነው መሄድ በሚችል ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ያልቻለ ሰው ዕዳ የለበትም። ክርስቲያንም ኢየሩሳሌም ባለመሄዱ ኃጢአት አይቆጠርበትም። እንግዲህ ሃይማኖት ድሃውን ነፃ አድርጎታል እንጂ ምትክ ፈልግ አላለውም። መነጽሩን ለድሃው የቀረበ ምትክ ሐጅ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ያልነበረበትን ዕዳ ይፈጥርበትና በሐሰተኛ ገንዘብ እንዲከፍል ያደርገዋል። ዕንባው እውነተኛ ነው፤ ናፍቆትም ነው፤ ናፍቆት ደግሞ በራሱ ክቡር ነገር ስለሆነ ደረስኩ እንዲል መገደድ የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፍልስፍና ይመጣል። ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቪአር ውስጥ ያለው ነገር ቅዠት ሳይሆን ራሱን የቻለ የእውነት ዓይነት ነው ብሎ ይሟገታል። የሃይማኖት ሰውም ከሌላ በኩል ይደግፈው ይሆናል፦ ይህ ዓለም ራሱ ኃላፊ፣ ጥላና ፈተና ከሆነ በጥላ ውስጥ ያለ ሌላ ጥላ ለምን ይናቃል? ለቻልመርስ ግማሹን እሺ ማለት ይቻላል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው አውሮፕላን እንደ ስሌት በእርግጥ አለ፤ በጨዋታ ውስጥ የተፈጠረ የጓደኞች ፍቅርም እውነተኛ ፍቅር ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ይህ ቆቦ ነው ባለ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር መናገር ጀምሯል፣ በዚያም ነገር ይለካል። ቆቦ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች፣ የሚጎድልና የሚሞላ ዝናብ፣ የሚወለድና የሚሞት አለ፤ ሥዕሉ ከእነዚህ ለአንዱም ተጠያቂ አይደለም። ዓለም ጥላ ነው የሚለውም ትምህርት ለሲሙሌተር ጠበቃ አይሆንም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ዓለምን ፈተና ሲሉ ሥራችን ክብደት የለውም ማለታቸው አይደለም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ሥራ ይመዘናል፣ የተመዘነውም አይሰረዝም ይላሉ። ንስሐ አለ፤ ንስሐ ግን የተበደለውን መካስን ይጠይቃል፣ በራያም ዘወልድ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ካሣ ሳይነሣ ዕርቅ ተፈጸመ አይሉም። በሲሙሌተር ግን አውሮፕላኑ ከተከሰከሰ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከማኮብኮቢያው መጀመር ነው፤ የሚካስ ማንም የለም። በእርግጥ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሳይገድል ስሕተትን ያስተምራል። ጥቅሙና ጉድለቱ አንድ ቦታ ላይ መሆናቸው ነው ስለ ጉድለቱ መናገርን ግዴታ የሚያደርገው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብደኛል። ጉድለቱን መናገር ምን ይጠቅማል? አእምሮ ይህ እውነት አይደለም ብሎ ያውቃል፣ እጅ ግን ማስጠንቀቂያ አያነብም። በመቶ ልምምድ ቀሊል መዘውር የለመደ ክንድ ከባዱ ሲገጥመው የሚያስታውሰው የለመደውን እንጂ የተነገረውን አይደለም። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም ጉድለት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥርዓት መነገር አለበት የሚል ነው። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2021 በቪአር ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያውን የሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ሲያጸድቅ በአየር ላይ የሚደረገውን ሥልጠና በሙሉ እንዲተካ አልፈቀደም፤ የሚቆጠርለት ከፊሉ ብቻ ነው፣ ቀሪው በእውነተኛ ሄሊኮፕተር ይበረራል። የማይቆጠረው ሰዓት ራሱ መግለጫ ነው፤ ይህ መሣሪያ እዚህ ድረስ ያደርሳል፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ይዘህ ሂድ ይላል። ሐጅን የሚለማመደውም ሰው ከሞዴሉ ቀጥሎ ጉዞ እንዳለ ልምምዱ ራሱ ይነግረዋል። እንዲህ ያለ አምሳያ ተማሪውን አሳልፎ ይሰጣል እንጂ ይዞ አያስቀርም።

ውኃና ሰላም በሚያሳስባቸው የቆላ ሰዎች መካከል ስለ ቪአር መነጽር መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚልም ይኖራል። ጭንቀቱ የሚመለከተው ግን እነሱን ነው። ሀብታም ሀገር ያለ ልጅ በመነጽሩ ከሠለጠነ በኋላ እውነተኛውን አውሮፕላን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ለድሃው ልጅ ግን ርካሹ አምሳያ የትምህርቱ መጨረሻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በቤተ ሙከራ ፈንታ የቤተ ሙከራ ቪዲዮ፣ በሐኪም ፈንታ የሐኪም አምሳያ፣ በበረራ ፈንታ መነጽር ሲቀርብለት አመስግን ይባላል። መነጽሩ ለቆቦ ወጣት በር ሊሆን ይችላል፤ በቦሌ ባለው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ሳይደርስ ኮክፒትን ማወቅ ቀላል ጸጋ አይደለም። ነገር ግን በር የሚባለው ከጀርባው ክፍል ሲኖር ነው። ስለዚህ አምሳያን ለሚያቀርብ ሁሉ፣ አሠልጣኝም ሆነ ሰባኪ፣ ኩባንያም ሆነ መንግሥት፣ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን ተውክ፣ ለማንስ ነገርክ፣ የተውከውንስ ተማሪው የት ሄዶ እንዲያገኘው አዘጋጀህ? ለሦስቱም መልስ ያለው አምሳያ ጎደሎ ቢሆንም እውነተኛ ነው። መልስ የሌለው ግን ምንም ያህል ቢመስል መታመን የለበትም፤ በአየር ላይም ይሁን በአምልኮ ሕይወት ዋጋውን የሚከፍለው አሠሪው ሳይሆን ያመነው ሰው ነውና።